የመርሐ ቤቴው ልጅ እና የአየር መንገዱ ወንበር

በ1813 የሸዋው ገዥ ወሰን ሰገድ ሲገደል ታላቅ ልጁ ባኩሬ መርሐ ቤቴን ያስተዳድር ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ዓለም ከተማ የምትገኝበት ይህ አገር ከጀማ ወንዝ ማዶ ነው፤ ከሸዋ መሳፍንት መቀመጫ ራቅ ያለ፣ ግን ሰው የሚዳኝበት፣ ግብር የሚሰበሰብበት፣ ጦር የሚታዘዝበት ግዛት። ለወራሽ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አይገኝም። ታናሽየው ሣህለ ሥላሴ ግን ገና ጎረምሳ ነበር፤ እናቱ ዘነበወርቅ ባለችበት በሰላ ድንጋይ በገዳም ትምህርት ላይ ነበር።

የአባታቸው ሞት ሲሰማ ተማሪው ቀደመ። ከባኩሬ ጋር የተቃቃሩት መንዞችና የእናቱ ዘመዶች ደገፉት፤ ሥልጣኑንም ያዘ። ባኩሬ ከመርሐ ቤቴ ተነሥቶ የአባቱ መቀመጫ ቁንዲ የደረሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ተይዞ ከሌሎች ወንድሞቹ ጋር ጎንቾ በተባለው እስር ቤት ተጣለ። ግዛት ሰጥተው ያለማመዱት ታሰረ፤ ከዳዊት ትምህርቱ የተነሣው ልጅ ሠላሳ አራት ዓመት ገዛ፤ እንዲያውም በዝናቸው ከሚታወቁት የሸዋ ገዥዎች አንዱ ሆነ።

ትልልቅ ድርጅቶች የነገ መሪዎቻቸውን እንዴት ያዘጋጃሉ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ወሬው ስለ ሥልጠና ይሆናል፤ ኮርስ፣ ሴሚናር፣ የምስክር ወረቀት። ሸዋ በዚህ በኩል አልደኸየችም ነበር። ልጅ ግዛት ተሰጥቶት ይማራል፤ የባላባት ልጅ ቤተ መንግሥት ገብቶ ያድጋል፤ ችሎታ ያለው ምርኮኛ እንኳን ከፍ ይላል። በጦርነት ተማርኮ ወደ ምኒልክ ቤት የገባው ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በ1907 የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኗል። ምኒልክም ራሱ የተማረው በባላንጣው ቤት ነው። አባቱ ኃይለ መለኮት በ1855 ከሞተ በኋላ ቴዎድሮስ ልጁን ወስዶ መቅደላ አስቀመጠው፤ አሥር ዓመት ያህል መንግሥት እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚበላሽ ከቅርብ ሲያይ ኖረና በ1865 አምልጦ ሸዋ ገባ። ሸዋ ያጣችው ማለማመጃውን ሳይሆን ርክክቡን ነበር። አባት በሕይወት እያለ ወንበሩ መቼና ለማን እንደሚተላለፍ የሚወስን ሥርዓት ስላልነበረ ልምምዱና ሹመቱ ሳይገናኙ ቀሩ።

በእኛ አገር ይህን ክፍተት ከማንም ድርጅት በተሻለ የደፈነው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይመስለኛል። ነገሩ የተጀመረው ደግሞ በውጭ ሰዎች እጅ ነው። ድርጅቱ በታኅሣሥ 1945 ሲቋቋም ሥራውን እንዲመራ ውል የተሰጠው ቲ ደብሊው ኤ ለተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ነበር። በሚያዝያ 1946 የመጀመሪያው መደበኛ በረራ በአሥመራ አድርጎ ካይሮ ሲሄድ ሥራ አስኪያጁም አብራሪዎቹም አሜሪካውያን ነበሩ። ሆኖም የውጭ ሰው አስተማሪ እንጂ ባለቤት አልነበረም፤ ይዋል ይደር እንጂ እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በ1957 የመንገደኛ አውሮፕላን በአዛዥነት ያበረሩ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። በ1960ዎቹ የአብራሪዎችና የጥገና ባለሙያዎች ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። በ1966 ውሉ ሲታደስ የሥራ አስኪያጁ ምክትል ኢትዮጵያዊ እንዲሆን ተወሰነ። በ1970 ቲ ደብሊው ኤ ከአስተዳዳሪነት ወደ አማካሪነት ወረደ፤ በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ።

ሃያ አምስት ዓመት! በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ዘገየ ብሎ ሳያማርር አልቀረም። ግን ዝግመቱ ውስጥ ለውጡን ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ፍሬኑን የሚፈታ ቴክኒሽያን፣ ቀጥሎ መሪ የሚጨብጥ አብራሪ፣ ከዚያ ምክትል፣ መጨረሻ ዋና። ቢሮው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው የተወረሰው። በምክትልነት የቆየ ሰው ደግሞ አለቃው ነገ እንደማይኖር አውቆ ይሠራል፤ አለቃውም ያንኑ አውቆ ያስተምራል።

ቤቱ ይህን ልማድ ከአብዮቱም አሻግሮታል። ካፒቴን መሐመድ አህመድ ከ1980 ጀምሮ በደርግ ዘመን ሲመሩት አገሪቱ ከሶቭየት ኅብረት ጋር ተሻርካ ሳለ አየር መንገዱ ቦይንግ 767 ገዝቶ በ1984 ተረከበ። ከዚያ ወዲህ ከመጡት ሦስቱን ብናይ የቆይታው ርዝመት ይደንቃል። አቶ ግርማ ዋቄ በ1965 ገብተው ዋና ሥራ አስፈፃሚ የሆኑት በ2004 ነው፤ በመካከሉ ግን ከቤቱ ወጥተው በገልፍ ኤርና በዲ ኤች ኤል ሠርተዋል። አቶ ተወልደ ገብረ ማርያም በ1985 በጭነት ክፍል ትራንስፖርት ኤጀንትነት ጀምረው፣ ሳዑዲ ዓረቢያንና ኒው ዮርክን በኃላፊነት ዞረው፣ በ2011 ወንበሩን ተረከቡ። አቶ መስፍን ጣሰው በ1984 በጥገና ክፍል መሐንዲስነት ገቡ፤ ለዓመታት የሥራ ማስኬጃ ኃላፊ ሆነው ቆዩ፤ ቶጎ ያለውን አስካይ አየር መንገድ መሩ፤ ከዚያ በ2022 አቶ ተወልደ በጤና ምክንያት ሲለቁ ተተኩ። ርክክቡ በቀናት ውስጥ አለቀ። ሰላሳ ስምንት ዓመት የተጠበቀ ሰው ፍለጋ አያስፈልገውም።

በእነዚህ ሦስት ታሪኮች ውስጥ የሚደጋገመውን ብጠየቅ ከዋናው ቢሮ ርቀው መሥራታቸውን እጠቅሳለሁ። ጅዳ ላይ ያለ ኃላፊ የአዲስ አበባውን አለቃ ሳይጠብቅ ይወስናል፤ ከተሳሳተ ጥፋቱ የራሱ ነው። ባኩሬም በመርሐ ቤቴ እንዲሁ ነበር።

በውጭ ያለው ልማድ ሁልጊዜ እንዲህ አይሰምርም። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1956 በኒው ዮርክ ግዛት ክሮተንቪል የሥራ አመራር ትምህርት ቤት ከፍቶ ለብዙዎች አርአያ ሆነ፤ በ1960 የቀጠረው ጃክ ዌልች በ1981 ዋና ሆኖ ሃያ ዓመት መራው። በ2018 ግን ያ ሁሉ ካምፓስ እያለው ከውጭ ሰው አምጥቶ ሾመ። ትምህርት ቤት ብቻውን ወራሽ አይወልድም።

የእኛ ቴሌ ሌላ መንገድ ሄደ። በ2010 መጨረሻ ፍራንስ ቴሌኮም ኢትዮ ቴሌኮምን እንዲመራ የሁለት ዓመት ውል ተሰጠው። ቲ ደብሊው ኤ በሃያ አምስት ዓመት የሠራውን በሁለት ዓመት መጠበቅ ለማን እንደሚቀል አላውቅም። የባንኮቹ ታሪክ ደግሞ ሳይታሰብ የሆነ ነው፤ ከ1994 በኋላ የግል ባንኮች ሲከፈቱ በርካታ ባለሙያዎቻቸው ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወጡ ነበሩ። የመንግሥቱ ባንክ ተፎካካሪዎቹን ሳያስበው አሠልጥኗል።

ዓለም ከተማ ላይም መጠኑ አነስ ያለ፣ ነገሩ ግን ተመሳሳይ የሆነ ታሪክ አለ። የካርልሃይንዝ ቦም ድርጅት «ሰዎች ለሰዎች» ከ1992 ጀምሮ በመርሐ ቤቴ ሲሠራ የመጣው ሊሄድ ነው። ድርጅቱ በከተማው ያሠራው የ«እናት ሆስፒታል» ሕንፃ ከቆመ በኋላ ከባዱ ጥያቄ ማን ያስተዳድረዋል፣ ማን መድኃኒቱን ያዝዛል፣ ማን ጀኔሬተሩን ይጠግናል የሚለው ነበር። ሥራው በመንግሥት እጅ ገባ፤ በጎ አድራጊዎች የሚመረቁት ሕንፃ ሲመረቅ ሳይሆን ከሄዱ በኋላ በሚቆየው ነገር ነው ብል ማንም የሚከራከረኝ አይመስለኝም።

በ2022 ሥራ የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እስካሁን የምንጠብቀው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዋና ሥራ አስፈፃሚዎቹ አንዋር ሱሳ እና ዊም ቫንሄሌፑተ ኢትዮጵያውያን አይደሉም። ቲ ደብሊው ኤ ውሉን ከወሰደበት እስከ ኮሎኔል ስምረት ሹመት ያለፈው ሃያ አምስት ዓመት ቢሰጠው ሳፋሪኮም እስከ 2047 ድረስ ጊዜ አለው። ማንም ያን ያህል የሚታገሠው አይመስለኝም፤ ምክትሎቹን ግን ካሁኑ መቁጠር ይቻላል።