ዜና ሳይጉን ዘኢዝሚር

የኦቶማን መንግሥት ሊያበቃ በተቃረበበት ዘመን፣ በ1907 (በዚህ ዜና ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)፣ በኢዝሚር ከተማ ለሒሳብ መምህሩ ለማህሙት ጀላለዲን ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ስሙም አህመት አድናን ተባለ፤ ኋላ ሳይጉን በሚል ስም የታወቀው እሱ ነው። አባትየው የኢዝሚርን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ነበር። ልጁን ግን ከመጻሕፍቱ ይልቅ ፒያኖ ማረከው። ዕድሜው ከፍ ሲል ለእንጀራው ፖስታ ቤት ተቀጠረ፤ ኖታ የሚሸጥበት ሱቅም ከፈተ። ማታ ማታ ከፈረንሳዮች ትልቅ ኢንሳይክሎፔዲያ ስለ ሙዚቃ የተጻፈውን እየለየ ወደ ቱርክኛ ይመልስ ነበር።

በ1928 በመንግሥት ወጪ ወደ ፓሪስ ተላከ። ስኮላ ካንቶሩም በተባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ ከሽማግሌው የሙዚቃ ደራሲ ከቬንሳን ዳንዲ ተማረ፤ በ1931ም ተመለሰ።

በ1934 የፋርሱ ሻህ ሬዛ ፓህላቪ ወደ አንካራ ሊመጣ ሆነ። የቱርክ መሪ አታቱርክም ለእንግዳው ክብር ኦፔራ ይዘጋጅ ብሎ አዘዘ። አገሪቱ የራሷ የሆነ ኦፔራ አልነበራትም፤ የተሰጠውም ጊዜ አንድ ወር ገደማ ነው። ሥራው በ26 ዓመቱ ጎልማሳ ትከሻ ላይ ወደቀ። «ኦዝሶይ» የተባለው ይህ ኦፔራ የጥንቱ የፋርስ ተረት ንጉሥ የፌሪዱን ልጆች ቱርና ኢራጅ ወንድማማች እንደ ነበሩ ይተርካል፤ ለሁለቱ መንግሥታት ከዚህ የተሻለ የወዳጅነት ስጦታ ማን ያገኛል? ጁን 19 ቀን በእንግዳው ፊት ታየ።

የቤተ መንግሥት ሞገስ ግን አይጨበጥም። በዚያው ዓመት ሳይጉን ጆሮውን ታመመ፤ የአንካራ ሥራውንም አጥቶ ኋላ በኢስታንቡል ኮንሰርቫቱዋር መምህር ሆነ። በ1934ም ራዲዮው የድሮውን የከተማ ሙዚቃ እንዳያሰማ ታገደ፤ እገዳው እስከ 1936 ጸና። ሹማምንቱ የፈለጉት ከገበሬው ዜማ ተነሥቶ በአውሮፓ ስልት የሚሠራ ሙዚቃ ነበር።

ሳይጉንም የዘመኑ ልጅ ነውና በ1936 ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት የቱርክ ማኅተም ነው የሚል ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ይህ ቅኝት በተገኘበት አገር ሁሉ ወይ ነዋሪው ቱርክ ነው፣ ወይም ቱርኮች በጥንት ዘመን ሰፍረውበታል አለ። በዚህ ሚዛን ቢሄዱበት የጎንደር አዝማሪ ሁሉ ቱርክ ሊሆን ነው! ያንጊዜ አንካራ ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር በሰፊው የሚነገር ነበርና ደራሲውን ብቻ መውቀስ አይገባም።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር የሃንጋሪው የሙዚቃ ሊቅ ቤላ ባርቶክ «ሕዝብ ቤት» በተባለው የአንካራ የባህል ማእከል ጥሪ መጣ። የጥንቱ የሃንጋሪ ዜማ ከቱርኮች ዜማ ጋር ዘመድ እንደ ሆነ በጆሮው ሊያረጋግጥ ፈልጎ ነበር። ንግግሩን ካደረገ በኋላ ከሳይጉንና ከሌሎች ሁለት የሙዚቃ ደራስያን ጋር ድምፅ መቅጃውን የኤዲሰን ፎኖግራፍ ይዞ በአዳና በኩል ወረደ። ኦስማኒዬ በደረሱ ጊዜ አንድ የ70 ዓመት አዛውንት በማሲንቆ ወገን ያለች መሣሪያውን ይዞ የጥንት የጦርነት ዘፈን ጀመረ። ባርቶክ ጆሮውን አላመነም፤ የሰማው ዜማ በአገሩ የሚያውቀውን የድሮ ዜማ ይመስል ነበር። አዛውንቱም በሰሙ ሲሊንደር ላይ ተቀዳ።

ከዚያም ከብት አርቢዎቹ ዩሩኮች ወደሚከርሙበት መንደር ሄዱ። ባርቶክ ዜማውን ሲከታተል ሳይጉን ቃሉን ከነአነጋገሩ ይጽፍ ነበር። ወንዶቹ ዘፈኑ፤ ሴቶቹን በእንግዳ ወንድ ፊት ማዘፈን ግን እጅግ አስቸገረ። ባርቶክን ይህ አብዝቶ ቆጨው፤ እሹሩሩ ያለ እናት ከማን ይቀዳል? እንዲህም ሆኖ 90 ያህል ዜማ ተሰበሰበ።

ናዚዎች ኦስትሪያን ከያዙ በኋላ ባርቶክ ስደትን አሰበና ለሳይጉን ጻፈለት፦ ዜማ እየሰበሰበ በጥቂት ደመወዝ ቱርክ ውስጥ መኖር ይችል እንደ ሆነ ጠየቀው። ነገሩ ሳይሳካ ቀረ፤ ባርቶክም በ1940 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። የቱርኩን ዜማ መጽሐፍ እዚያ ጨርሶ አሳታሚ ቢያጣ ረቂቁን ለኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ፤ በ1945ም ሞተ።

ሳይጉን ደግሞ በጦርነቱ ዘመን ስለ ደርቪሹ ባለቅኔ ስለ ዩኑስ ኤምሬ ለመዘምራንና ለኦርኬስትራ የሚሆን ታላቅ ኦራቶሪዮ ደረሰ። በ1946 በአንካራ ተሰማ፤ በ1958 ኒውዮርክ ላይ የኦርኬስትራ መሪው ሌኦፖልድ ስቶኮቭስኪ መራው። ስሙም በዓለም ታወቀ።

የዩሩኮቹ ዘፈን ግን 40 ዓመት ከወረቀት ላይ አልተነሣም። በ1976 መጽሐፉ በሁለት ከተሞች ባንድ ጊዜ ወጣ፤ አንዱ በአሜሪካ ፕሪንስተን፣ ሁለተኛው በሳይጉን አዘጋጅነት በቡዳፔስት። ያን ጊዜ ሳይጉን 69 ዓመቱ ነበር፤ በ1936 አብሯቸው ከዞረው ፎኖግራፍ የወጣውን ዜማ የራሱን ማስታወሻ ጨምሮ ለአንባቢ አቀረበ። ሳይጉን ጃንዋሪ 6 ቀን 1991 ኢስታንቡል ውስጥ ሞተ፤ ወረቀቶቹም በአንካራ በቢልከንት ዩኒቨርሲቲ በስሙ በተሰየመው ማእከል ተቀምጠዋል።