ከላፕቶፕ ላይ የጠፋ ብሉቱዝ፦ ኔትወርክ በማይታመንበት በገዳሪፍ እንዴት ይመለሳል?

በጥር 2016 ዓ.ም መጨረሻ በሱዳን የሚሠሩት ዋና ዋና የሞባይል ኩባንያዎች፣ ዜይን፣ ኤምቲኤን እና ሱዳኒ፣ አገልግሎታቸው ተከታትሎ ሲቋረጥ አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ከስልክም ከኢንተርኔትም ውጪ ሆነ። ከድንበሩ ማዶም ነገሩ ብዙ የተለየ አልነበረም። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። በገላባትና በመተማ መካከል ለሚመላለስ ሰው ድንበር መሻገር ኔትወርክ ለማግኘት ዋስትና አልነበረም።

እንዲህ ባለ ጊዜ ፋይልን ከስልክ ወደ ላፕቶፕ የሚያሻግር፣ ኢንተርኔትም የሞባይል ካርድም የማይጠይቅ መንገድ ዋጋው ከፍ ይላል። ከኅዳር 2013 ዓ.ም ጀምሮ ከትግራይ ተሰደው በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባና በቱናይድባህ መጠለያዎች ለተጠለሉ ኢትዮጵያውያን፣ ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም የጀመረው ጦርነት ከካርቱም ወደ ምሥራቅ ላፈናቀላቸው ሱዳናውያንም፣ በስልክ ፎቶ የተነሳ የትምህርት ማስረጃ ወይም የስደተኛ መታወቂያ ቅጂ ቀላል ነገር አይደለም። ዋናው ወረቀት ከጠፋ የሚቀረው እርሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቅጂውን በሁለተኛ መሣሪያ ለማስቀመጥ ላፕቶፑ ሲከፈትና የብሉቱዝ ምልክቱ ከቦታው ሲታጣ ግን፣ ብዙዎች ማሽኑ ተበላሽቷል ብለው ወደ ጠጋኝ ይሮጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን መፍትሔው ያለ ጠጋኝ የሚገኝ ነው።

በእርግጥ ጠፍቷል?

“ብሉቱዝ ጠፋ” የሚለው አነጋገር ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይይዛል። አንደኛው ምልክቱ ብቻ ከእይታ መሰወሩ ነው። በዊንዶውስ ከሰዓቱ አጠገብ ያለችው ትንሽ ቀስት ስትጫን የተደበቁ ምልክቶች ይወጣሉ፤ ብሉቱዙም እዚያው ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። ሁለተኛው ማብሪያ ማጥፊያው ራሱ ከሴቲንግ ውስጥ መጥፋቱ ሲሆን፣ ይህ ዊንዶውስ መሣሪያውን ጨርሶ እንዳላየው ያመለክታል። ሦስተኛው ደግሞ ላፕቶፑ ሲሠራ ጀምሮ ብሉቱዝ ያልተገጠመለት መሆኑ ነው። ያገለገሉ አሮጌ ላፕቶፖችን የሚገዛ ሰው ይህን ከመክፈሉ በፊት ቢያረጋግጥ ይመረጣል።

ምንም ሳይጠፋ ጠፋ የሚባልበት ጊዜም አለ። በዊንዶውስ ከስልክ የሚላክ ፋይልን ለመቀበል በቅድሚያ ላፕቶፑ ላይ በብሉቱዝ ምልክቱ በኩል “ፋይል ተቀበል” የሚለውን ትእዛዝ መምረጥ ያስፈልጋል። ይህ ሳይደረግ ስልኩ ደጋግሞ “አልተላከም” ይላል፤ ጥፋቱም በላፕቶፑ ላይ ይለጠፋል። ዜንደርና ሼርኢት የመሳሰሉት መተግበሪያዎች ፋይል የሚያሻግሩት ደግሞ በዋይፋይ ሞገድ ነው። ሰው በልማድ “በብሉቱዝ ላክልኝ” ይበል እንጂ፣ እነርሱ መሥራታቸው የብሉቱዙን ጤንነት አያሳይም።

ዋይፋዩ እየሠራ ብሉቱዙ ለምን ይጠፋል?

በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ውስጥ ዋይፋይና ብሉቱዝ የሚገኙት በአንዲት ትንሽ ካርድ ላይ ነው። ካርዷ ግን ከማሽኑ ጋር የምትነጋገረው ብዙውን ጊዜ በሁለት መስመር ነው፤ ዋይፋዩ ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባለው ፈጣን መስመር፣ ብሉቱዙ ደግሞ በውስጣዊ የዩኤስቢ መስመር። ስለዚህ የዩኤስቢው በኩል ሲያንቀላፋ ወይም ሲሳት ዋይፋዩ ምንም ሳይሆን ብሉቱዙ ብቻውን ይሰወራል። ካርዷ ተቃጥላለች ብሎ ለመደምደም ይህ አይበቃም።

መብራት በሚቆራረጥበትና ላፕቶፕ ከጄኔሬተር ወደ ባትሪ፣ ከባትሪ ወደ ጄኔሬተር በሚመላለስበት አካባቢ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ላፕቶፑ በአግባቡ ሳይነቃ ወይም ሳይተኛ ሲቀር የብሉቱዙ ክፍል በተሳሳተ ሁኔታ ላይ እንዳለ ሊደርቅ ይችላል። ካርዷ ማሽኑ ሲጠፋም ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለምታገኝ፣ ማጥፋትና ማብራት ብቻውን አይፈውሳትም። ከዚህም ሌላ ዊንዶውስ 10 እና 11 “ፋስት ስታርትአፕ” የሚሉት አሠራር አላቸው። በዚህ አሠራር “ሻት ዳውን” ሲባል የሲስተሙ ዋና ክፍል ዲስክ ላይ ተቀምጦ በቀጣዩ ጊዜ እንዳለ ይመለሳል፤ ችግሩም አብሮ ይመለሳል። እንደ አዲስ የሚያስነሳው “ሪስታርት” ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራ ሪስታርት ማድረግና “ኤርፕሌን ሞድ” አለመከፈቱን ማየት ነው። ካልሆነ ላፕቶፑ ይጠፋል፣ ቻርጀሩና የተሰካው ሁሉ ይነቀላል፣ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ይወጣል። ከዚያ ማብሪያው ለ30 ሴኮንድ ያህል ተጭኖ ይያዛል። ጥቂት ደቂቃ ካረፈ በኋላ ቻርጀሩ ተሰክቶ ይከፈታል። ገንዘብ የማያስወጣው ይህ እርምጃ ብዙ “የሞቱ” ብሉቱዞችን መልሷል። ባትሪው በማይወጣበት ላፕቶፕ ላይ ማብሪያውን መያዝ ካልሠራ፣ ባትሪው እስኪያልቅ መተው ተመሳሳይ ውጤት ሊሰጥ ይችላል።

ዲቫይስ ማኔጀር ምን ይላል?

ይህ ሁሉ ካልሠራ የስታርት ምልክቱ በቀኝ ጠቅታ ተከፍቶ “ዲቫይስ ማኔጀር” ይታያል። ብሉቱዝ የሚል ረድፍ ካለና ከአጠገቡ ወደ ታች የምታመለክት ቀስት ከታየች፣ የተዘጋው በሰው እጅ ነው፤ “ኢኔብል” በማለት ይከፈታል። ቢጫ ምልክት ካለበት ድራይቨሩ ጎድሏል ወይም ተበላሽቷል። ረድፉ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ የዩኤስቢ መሣሪያዎች የተዘረዘሩበት ክፍል ይፈተሻል። እዚያ “የማይታወቅ ዩኤስቢ መሣሪያ” ከሚል ጽሑፍ ጋር ኮድ 43 ከተጻፈ፣ የተሰወረው ብሉቱዝ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ከላይ የተገለጸው ኤሌክትሪኩን የማፍሰስ እርምጃ በተለይ ለዚህ ሁኔታ ይረዳል።

ድራይቨር የሚያስፈልግ ከሆነ የገዳሪፉ ተጠቃሚ እውነተኛ ችግር እዚህ ላይ ይጀምራል፤ ዊንዶውስ ድራይቨሩን ከኢንተርኔት አምጣ ይለዋልና። በዘፈቀደ ከመፈለግ የካርዷን ማንነት ማወቅ ዳታ ይቆጥባል። በመሣሪያው ዝርዝር ገጽ “ሃርድዌር አይዲ” በሚለው ሥር ያለው ቁጥር አምራቹን ይናገራል፤ 8087 የኢንቴል መለያ ነው። ስልክ ኔትወርክ ባገኘበት ሰዓት ወይም ስታርሊንክ በሚከራይበት ቦታ፣ በላፕቶፑ ሞዴል ስም ከአምራቹ ድረ ገጽ ፋይሉን በስልክ አውርዶ በኬብል ወይም በፍላሽ ማሻገር ይቻላል። ስልኩን በኬብል ሰክቶ “ዩኤስቢ ቴተሪንግ” መክፈትም ሌላ አማራጭ ነው፤ ነገር ግን ዊንዶውስ በዚያው ትልልቅ ማሻሻያዎችን አውርዶ የተገዛውን ዳታ እንዳይጨርስ ግንኙነቱን አስቀድሞ “ሚተርድ” ማድረግ ይገባል። ድራይቨር ሁሉ በአንድ ጊዜ እናድሳለን የሚሉ ፕሮግራሞችን መራቅ ይሻላል። ብዙዎቹ በመጨረሻ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹም ያልተፈለገ ሶፍትዌር ይዘው ይገባሉ።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4/2018 ዓ.ም አብቅቷል። ብሉቱዙ በዚህ ምክንያት አይጠፋም።

ካርዷ ራሷ ስትሞት

ሙቀቱ በሚያዝያና በግንቦት ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት፣ አቧራው የላፕቶፕን ማራገቢያ በሚደፍንበት አካባቢ እውነተኛ ብልሽትም አይጠፋም። ካርዷን መቀየር በብዙ ላፕቶፖች ይቻላል፤ በቀጫጭኖቹ ላይ ግን ከዋናው ቦርድ ጋር ተበይዳ የምትመጣበት ጊዜ አለ። የሚከፍተው ሰው መጀመሪያ ባትሪውን ሊነቅል፣ በካርዷ ላይ የተጫኑትን ሁለት ቀጫጭን የአንቴና ሽቦዎችም በጥንቃቄ ሊያነሳ ይገባል። ከጥገና በኋላ ዋይፋዩ ጭምር ከደከመ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነዚሁ ሽቦዎች ናቸው።

ርካሹ መፍትሔ በዩኤስቢ ቀዳዳ የሚሰካ የብሉቱዝ አስማሚ ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ብዙዎቹን ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይቀበላሉ። ሰማያዊ ቀለም ያለው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ብሉቱዝ የሚጠቀምበትን የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ሊረብሽ ስለሚችል፣ ጥቁሩ ቀዳዳ ካለ እርሱ ይመረጣል።

ብሉቱዙ ከተመለሰ በኋላ የላፕቶፑን ስም ማየትም አይከፋም። በዊንዶውስ የብሉቱዝ ገጽ ክፍት እስከሆነ ድረስ ስሙ በአቅራቢያው ላሉ ስልኮች ሁሉ ይታያል፤ ላፕቶፑ ደግሞ በባለቤቱ ስም የተሰየመ ሊሆን ይችላል። ኬላ በበዛበት መንገድ ለሚጓዝ ሰው ስሙን ምንም ወደማይናገር ቃል መቀየርና ፋይሉ እንደተሻገረ ብሉቱዙን መዝጋት ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።