የግዕዝ አኃዝና የሮማ ቁጥር፦ የጎንደር ዘመን ዓመተ ምሕረትን ስለ ማንበብ



«የግዕዝ አኃዝ የእኛ የሮማ ቁጥር ነው» የሚለው አባባል በመማሪያ ክፍሎቻችን ደጋግሞ ይሰማል። ሁለቱም ዛሬ ለምዕራፍ መለያ፣ ለሰዓት ገጽና ለክብረ በዓል ጽሑፍ የሚፈለጉ በመሆናቸው ንጽጽሩ የተገባ ይመስላል። ይሁን እንጂ የጎንደር ዘመን ብራናን ለመመርመር የሚነሣ ሰው በዚህ ንጽጽር ቢመራ ዘመኑን ያፋልሳል።

በመጀመሪያ ምንጫቸው የተለያየ ነው። የእኛ አኃዝ ከግሪክ ፊደላት የተወሰደ ሲሆን በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ይገኛል። ፩ ከአልፋ፣ ፪ ከቤታ፣ ፲ ከዮታ፣ ፻ ከሮ መጥተዋል። ፼ ደግሞ ሁለት ፻ ተጣምረው የወለዱት ነው፤ መቶ ጊዜ መቶ እልፍ ነውና።

አነባበባቸውም ይለያያል። የሮማ ቁጥር በመደመርና በመቀነስ ይሠራል፤ «አይ» ከ«ቪ» በፊት ሲቆም 4፣ በኋላ ሲቆም 6 ይሆናል። በግዕዝ ግን መቀነስ የለም፤ ከ፻ በፊት የቆመው ያበዛዋል፣ በኋላ የቆመው ይደመርበታል። ስለዚህ ፪፻ 200 ነው፣ ፻፪ ደግሞ 102። ጎንደር የተቆረቆረችበት ነው ተብሎ የሚነገረውን 1628 ዓ.ም. በሰሌዳው ላይ ተመልከቱ፦ ፲፮፻፳፰፣ ማለትም ዐሥራ ስድስት መቶ ሃያ ስምንት። አምስት ምልክት በቃው። በሮማው ለዚሁ ዓመት ዘጠኝ ፊደል መደርደር ግድ ነው፦ ኤም፣ ዲ፣ ሲ፣ ሁለት ኤክስ፣ ቪ፣ ሦስት አይ።

ጸሐፍት ዘመኑን በዓመተ ዓለም ሲያኖሩ 5500 ይጨመራል፤ ያው ዓመት ፸፩፻፳፰ ይሆናል። እዚህ ላይ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ያቆዩልን መፈተሻ ከማንኛውም የቤተ ሙከራ መሣሪያ በፊት ሊነሣ የሚገባው ነው እላለሁ። ዓመተ ዓለሙ ለ4 ሲካፈል 1 ቢተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ያለ ትርፍ ቢካፈል ዮሐንስ ነው። 7128 ያለ ትርፍ ስለሚካፈል ዘመነ ዮሐንስ ነበር። አሁን ቀለሙ የደበዘዘ ብራና አስቡ። ፮ እና ፯ መልካቸው ይቀራረባል፤ አንባቢው ፸፩፻፳፮ ይሁን ፸፩፻፳፯ ሊወስን አልቻለም። ጸሐፊው «በዘመነ ሉቃስ» ብሎ ከጻፈ ግን ጥያቄው ተፈታ፤ 7127 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋልና። አበቅቴና መጥቅዕ አብረው ከተጻፉ ደግሞ ማረጋገጫው ይጠነክራል፤ የ7128 አበቅቴ 22፣ መጥቅዑ 8 ነው፣ ድምራቸውም እንደ ወትሮው 30። ብራናን ፎቶ አንሥቶ ዝርዝሩን በኮምፒዩተር መመዝገብ በተስፋፋበት በዚህ ጊዜ፣ ዓመቱን መዝግቦ ወንጌላዊውን መተው ምስክሩን እንደ ማባረር ነው። በቀዳሚው መዝገብ የገባች አንዲት የተሳሳተ አኃዝ ከጥናት ወደ ጥናት ትሻገራለች።

ስለ ዜሮ በአጭሩ፦ ምልክት የለንም፤ ሊቃውንቱ ግን ባዶውን «አልቦ» ብለው በቃል ጠሩት። በ2006 ዓ.ም. አበቅቴው አልቦ፣ መጥቅዑ 30 ነበር።

በነገሥታት ስምም ቢሆን አውሮፓውያን የሮማ ቁጥር በሚያስቀምጡበት ቦታ የእኛ ጸሐፍት ቀዳማዊ፣ ዳግማዊ ይላሉ። በዘመኑ ግን ዐፄ ፋሲል ዓለም ሰገድ፣ ልጃቸው ዮሐንስ አእላፍ ሰገድ፣ የልጅ ልጃቸው ኢያሱ አድያም ሰገድ በሚለው ስመ መንግሥት ተለይተው ይታወቁ ነበር።

የሮማ ቁጥር በዚህች ከተማ ላይ እንደ መንግሥት ዘመን መቁጠሪያ የተጫነው በጣሊያን ወረራ ነው። ፋሺስቶች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. የሚነሣ የራሳቸው ዘመን ነበራቸው፤ በይፋዊ ደብዳቤዎቻቸው ላይም በሮማ ቁጥር ይጽፉት ነበር። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ሲገቡ ዘመናቸው 14ኛው ነበር፦ ኤክስ፣ አይ፣ ቪ። ጄኔራል ናዚ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እዚሁ እጁን ሲሰጥ ደግሞ 20ኛው ዓመት ከገባ ገና አንድ ወር ሆኖት ነበር፤ በሮማ ቁጥር ሁለት ኤክስ ብቻ።