የኒውዮርክ የሬስቶራንት ሳምንት

በኒውዮርክ ከተማ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥር ብርድና በሐምሌ ሙቀት፣ የሚካሄድ የምግብ ፌስቲቫል። ስሙ ሳምንት ይበል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ሐሳቡን ያመነጩት የሬስቶራንት መመሪያ አሳታሚው ቲም ዛጋትና ዕውቁ የሬስቶራንት ባለሙያ ጆ ባውም ናቸው። ሰበቡ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ ነበር፤ ለጉባኤው የመጡትን እንግዶች ለመሳብ ስመ ጥር ቤቶች ምሳን በ19 ዶላር ከ92 ሳንቲም አቀረቡ። ዋጋው የዓመተ ምሕረቱ ቁጥር መሆኑ ነው።

ተሳታፊ ቤቶች አጠር ያለ ሜኑ አዘጋጅተው ሁለት ወይም ሦስት ዙር ምግብ በቁርጥ ዋጋ ያቀርባሉ፤ በቅርብ ዓመታት ዋጋው 30፣ 45 ወይም 60 ዶላር ነው። ለጓደኛሞች ይህ ይመቻል፦ ማን ስንት እንደሚያወጣ አስቀድሞ ስለሚታወቅ በሂሳብ ክፍያ ላይ ጭቅጭቅ አይነሳም፤ የተለያየ ምግብ አዝዞ መቀማመስም አለ። ነገር ግን መጠጥ፣ ታክስና ጉርሻ ለብቻ ናቸው። በከተማዋ ልማድ ጉርሻው ከሂሳቡ 20 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ የ45 ዶላሩ ራት አንድ ብርጭቆ ወይን ሲጨመርበት 60ን ይሻገራል። ቅናሹ ከልብ የሚያዋጣው በወትሮው ውድ በሆኑ ቤቶች ነው፤ እነዚያ ደግሞ ቀድመው በቀጠሮ ይሞላሉ።