ርስቱን ለድመቱ ያስረከበው ሰው

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ መሐል ላይ ማንኩሳን ታገኛላችሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ታሪክ የጀመሩት ከዚህችው ማንኩሳ ነው። ልጅ ሳለሁ ግን መጽሐፉን መች አውቄው! ማንኩሳ ሲባል ትዝ የሚለኝ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት ነበር። ተረቷ ድመት እዚያው ማንኩሳ ትኖር ይመስለኝ ነበር።

በእኛ በኩል የድመት ሥራ የታወቀ ነው። ጎተራ ካለ አይጥ አለ፤ አይጥ ካለ ድመት ትፈለጋለች። ቀን እሳት ዳር ትጋደማለች፣ ማታ ጎተራው ሥር ታደፍጣለች። ወተት ብትቀምስ ላም ስትታለብ ጠብ ያለውን ነው። ወደ ሌማቱ ከተጠጋች ግን እናቴ ማማሰያዋን ታነሣለች። በዚያ ቤት ጌታው ማን፣ አሽከሩ ማን እንደ ሆነ የሚጠራጠር የለም።

ዛሬ የማወራችሁ ይህ ሥርዓት ስለ ተገለበጠበት ቤት ነው። የቤቱ ጌታ ጆን አርባክል ይባላል። አገሩ አሜሪካ፣ ሥራው ካርቱን መሣል፣ ዕዳው ደግሞ ጋርፊልድ የተባለ ወፍራም ብርቱካንማ ድመት ነው። ድመቱ አይጥ አይዝም፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ጌታውን ይሰድባል። ጆን ያበስላል፣ ድመቱ ይበላበታል። ጆን ሴት ልጅ ይጋብዛል፣ ታሳፍረዋለች፤ ቤት ሲመለስ ድመቱ ይሳለቅበታል። በነጋታው ጆን እንደገና ያበስላል።

«ይህ ደግሞ ከታሪክ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። ትንሽ ታገሡኝ። የተሣለ ሰውም ታሪክ አለው። ሲሾም፣ ሲሻር፣ ሲነጠቅ፣ ዓመቱ ተመዝግቦ ይገኛል። የጆን ታሪክ ደግሞ የመነጠቅ ታሪክ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ፤ የእኛን ስጽፍ ዓ.ም. እላለሁ።

ጆንን የፈጠረው ጂም ዴቪስ በ1945 ኢንዲያና በምትባል የአሜሪካ ግዛት ተወለደ። የገበሬ ልጅ ነው። ያደገበት እርሻ ላይ ሃያ አምስት ያህል ድመቶች ነበሩ። ልጁ ግን አስም ስለ ነበረበት እንደ ሌላው የገበሬ ልጅ ውጭ መሥራት አልቻለም። ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይስል ነበር፤ በሁለቱም ትርጉም ውሰዱት። እናቱ ወረቀትና እርሳስ ሰጠችው፣ በዚያው የካርቱን ሰው ሆኖ ቀረ።

መጀመሪያ የሞከረው ስለ አንዲት ትንኝ ነበር። ከ1973 ጀምሮ ፔንድልተን በምትባል ትንሽ ከተማ ጋዜጣ ላይ አወጣት። አንድ አዘጋጅ ግን ሥዕሉ ጥሩ፣ ቀልዱ ጥሩ፣ ነገር ግን በትንኝ ውስጥ ራሱን የሚያይ ሰው የለም አለው። ዴቪስ ትንኟን ተወና በ1976 በዚያው ጋዜጣ ላይ አዲስ ካርቱን ጀመረ። ርእሱ ምን ይመስላችኋል? «ጋርፊልድ» አይደለም። «ጆን» ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ቤቱ የጆን ነበር። ስሙ ከአናቱ ላይ ተጽፎ፣ ታሪኩ የእሱ ሆኖ፣ ድመቱ ጎረቤት ቡና ላይ እንደሚገኝ እንግዳ ዳር ላይ የተቀመጠ ነበር። በነገራችን ላይ አርባክል የሚለው ስም ራሱ ከቡና የመጣ ነው። ዴቪስ ከድሮ የቡና ማስታወቂያ ላይ እንደ ወሰደው ተናግሯል። አርባክል ወንድማማቾች በ19ኛው መቶ ዘመን የተቆላ ቡና በወረቀት ከረጢት እያሸጉ ለአሜሪካ ከብት ነጂዎች የሸጡ ነጋዴዎች ናቸው። ስለዚህ ሰውየው በስሙ ብቻ እንኳ ለእኛ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም።

ዳር የተቀመጠው እንግዳ ግን ምላሱ ስለታም ነበር። የሚያስቀው ቃል ሁሉ ወደ ድመቱ ሄደ። ለጆን የቀረው ቀልዱን ማዘጋጀት ሆነ፤ እሱ ይጠይቃል፣ ድመቱ ይመልሳል፣ አንባቢ በመልሱ ይስቃል። በ1977 የካርቱኑ ርእስ ተለወጠ፤ «ጆን» ተፍቆ «ጋርፊልድ» ተጻፈ። ካርቱን ለየጋዜጣው የሚያከፋፍል አንድ ድርጅትም ድመቱን ወደደ። ጉልበት የለ፣ ፍርድ ቤት የለ፣ ሽማግሌ የለ፤ ርስቱ በሳቅ ብቻ ከእጁ ወጣ። እርሻችን ድንበር ላይ ስንት ዓመት የሚሟገቱ ዘመዶቼ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

ሰኔ 19 ቀን 1978 «ጋርፊልድ» በ41 ጋዜጦች ላይ በአንድ ቀን ወጣ። በዚያ የመጀመሪያ ቀን ጆን ራሱን ለአንባቢ ያስተዋውቃል፣ ድመቱንም ያስተዋውቃል፤ ድመቱ ምግብ ይጠይቃል። ሁሉም ነገር ከዚያች ቀን ጀምሮ ታውቋል ማለት ነው። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ጋዜጦቹ በመቶ የሚቆጠሩ ሆኑ፣ በኋላም ከ2,500 አለፉ፤ በዓለም ብዙ ጋዜጣ ላይ በመውጣት የክብረ ወሰን መዝገብ ገባ።

ያ ቀን በእኛ ሰኔ 12 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት እዚህ አገር ምን እንደ ነበር ከእናንተ መሐል ከአባቱ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። የቀይ ሽብር ዘመን ነው። ዛሬ እኛን የሚያህሉ ተማሪዎች እየታፈሱ የተገደሉበት፣ በጉልበተኛ መሳቅ ነፍስ የሚያስከፍልበት ጊዜ ነበር። ኢንዲያና ላይ አንድ ሰው ድመት ስለ ሣለ ልወቅሰው አይደለም። የማነሣው ለአንድ ነገር ነው፤ ሳቅ ሁልጊዜ የሚወድቅበት ሰው ይፈልጋል፤ በማን ላይ እንደሚወድቅ ማየት ደግሞ የታሪክ ሥራ ነው።

ወደ ጆን ልመለስ። መጀመሪያ ብቻውን አልነበረም። በ1978 ሊማን የሚባል ጓደኛው ሻንጣውንና ኦዲ የተባለ ውሻውን ይዞ አብሮት ሊኖር መጣ። ሊማን የመጣው ጆን የሚያወራው ሰው እንዲኖረው ተብሎ ነው። ግን ድመቱ ብቻውን በቂ ሆኖ ተገኘ፣ ሊማንም በ1983 ከካርቱኑ ጠፋ። መሰነባበቻ እንኳ አልነበረም። ውሻው ቀረ፣ ሰውየው ሄደ። ጆን ርእሱን ካጣ በኋላ አሁን ደግሞ ጓደኛውን አጣ።

የካርቱኑ ዋና ብልሃት ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ጋርፊልድ አይናገርም፤ ያስባል። ሐሳቡ ከራሱ በላይ በአረፋ ውስጥ ይጻፋል። አረፋውን የምናነበው እኛ ነን። ጆን ከድመቱ ፊት አንዳንድ ነገር ቢገባው እንኳ ቃሉ ለእሱ አይደለም፤ ለእኛ ነው። ልብ በሉ፤ አንድ ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ገበታው ላይ ተቀምጦ፣ ከጀርባው ሁለት ሰው ይጠቃቀሳል። አንደኛው ድመቱ ነው። ሁለተኛው አንባቢው ነው።

በ2008 ዳን ዋልሽ የተባለ አየርላንዳዊ ቀላል ነገር አደረገ። ከካርቱኑ ላይ ጋርፊልድን እየፋቀ አወጣው። ሌላ ምንም አልነካም። ክፍሉ እንዳለ፣ ጠረጴዛው እንዳለ፣ ጆንም እንዳለ ነው። ድመቱ ሲወጣ ታዲያ ምን ታየ? ለግድግዳ የሚያወራ፣ ብቻውን የሚደሰት፣ ብቻውን የሚተክዝ አንድ ሰው። ለሠላሳ ዓመት ሲሳቅበት የኖረው ሰው ብቸኛ መሆኑን ሰዎች ያዩት ያኔ ነው። ብቸኝነቱ ግን ከመጀመሪያውም ነበረ፤ የድመቱ ቀልድ ጋርዶት ነው እንጂ። ዴቪስም አልከሰሰም፣ አልተቆጣም። ነገሩን ወደደውና በዚያው ዓመት መጽሐፍ ሆኖ እንዲወጣ ፈቀደ።

ደግሞ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2006፣ ለጆን አንድ ደግ ነገር ሆኖለታል። ሊዝ የምትባል የእንስሳት ሐኪም አለች። በ1979 ድመቱን ሊያሳክም ሲወስድ ነው ያያት። ሃያ ሰባት ዓመት ጠየቃት፣ ሃያ ሰባት ዓመት በምላሷ አባረረችው። በመጨረሻ እሺ አለችው። ጆን በእነዚያ ዓመታት ብልጥ አልሆነም፣ ተንኮል አልተማረም፤ ያው ጆን ነው። የተለወጠችው እሷ ናት።

እንግዲህ ወደ አገራችን ልግባ። በአማርኛ «የዋህ» የሚል ቃል አለን። ቄስ ሲሰብክ የዋህ ምስጋና ነው። ገበያ ላይ «የዋህ ነው» ከተባለ ግን ሊታለል የተዘጋጀ ማለት ነው። አንድ ቃል በቤተ ክርስቲያን ቅዱስ፣ በበረንዳ ሞኝ። ተረቶቻችንም ቢሆኑ ከምላስ ጋር ይወግናሉ። አለቃ ገብረ ሐናን የማያውቅ ሰው የለም። አለቃ በምላሳቸው የነከሷቸው ሰዎች ግን ስማቸው ማን ነበር? ከባለቤታቸው ከማዘንጊያ በቀር የማንን ስም ትጠሩልኛላችሁ? ነካሹ በስሙ ይኖራል፤ ተነካሹ «አንድ ሰውዬ» ሆኖ ይቀራል።

ሳቅ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ አሉላችሁ። በዘራቸው የሚኮሩ፣ በባላገሩ ላይ ግብር የሚጨምሩ ጌታ ናቸው። ባላገሩ እምቢ ሲል ዘምተውበት፣ ተሸንፈው ተማረኩ። እዚያ ላይ ስንስቅ ሳቁ ፍርድ ነው፤ የሚወድቀው በጉልበተኛ ላይ ነውና። ጆን አርባክል ግን ማንን በደለ? ማንን አስገበረ? ጥፋቱ ማብሰሉና ደጋግሞ ማመኑ ነው። ሁለቱም የቤት ጌቶች ናቸው፣ በሁለቱም ይሳቃል፤ ሳቁ ግን አንድ አይደለም። አንዱ ከታች ወደ ላይ ይወረወራል። ሌላው አጠገብ የተቀመጠውን ይመታል።

ይህን ሁሉ የምለው ለድመትና ለአሜሪካዊ አዝኜ እንዳይመስላችሁ። የራሴ ጉዳይ አለብኝ።

አንደኛ ዓመት ሳለን አንድ ዶርም ውስጥ ስድስት ነበርን። አንደኛው ከቡሬ ገጠር የመጣ ልጅ ነው። እናቱ የላኩለትን በሶ ለስድስታችን እኩል ይሰፍራል። ሎከሩን አይቆልፍም። ልብሱን ሲያጥብ የማንም ካልሲ አልጋ ሥር ካየ አብሮ ያጥባል። እኛስ? «ጎተራው» የሚል ስም አወጣንለት። ስንጠራው እየሳቅን፣ እሱም አብሮን እየሳቀ። ጎተራው እሱ ከሆነ አይጦቹ እነማን እንደ ሆኑ ያሰበ አልነበረም። እሱ ባለበት በማያውቀው የአራዳ ቋንቋ እየተጠቃቀስን እናወራለን። አረፋችን ያ ነበር። ስለታሙ ምላስ ደግሞ የእኔ ነበር፤ አልዋሽም።

በሁለተኛው መንፈቅ ዶርም ቀየረ። ለምን እንደ ሆነ አልተናገረም፣ እኛም አልጠየቅንም። እንደ ሊማን ሳይሰናበት ሄደ ልበል? የለም፣ ተሰናብቷል። አልጋው ላይ ግማሽ ፌስታል በሶ ትቶልን ነበር፤ በላነው።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ቆሜ ሰው በስሜ ጠራኝ። እሱ ነው። ሻይ ጋበዘኝ። ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቅ ዝርዝር ስላልነበረኝ ከፈለልኝ። ከዚያ የሌሎቹን አራት ልጆች ደኅንነት አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራ ጠየቀኝ። ልመልስለት ብዬ አፌን ስከፍት ስሙ ጠፋኝ። አንድ ዓመት ሙሉ አብረን ተኝተን፣ ከአፌ የሚመጣው «ጎተራው» ብቻ ሆነ። «ወንድሜ» አልኩት። እሱ አላወቀብኝም፤ ወይም አውቆ ተወኝ።

ግቢ ስመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት የዶርም መዝገቡን ማስፈለግ ነው። የአባቱን ስም ጭምር አገኘሁት፣ አሁን በቃሌ ይዤዋለሁ። እዚህ አልጽፈውም። ይህችን መጽሔት ሲያነብ ራሱን ያውቃል። አራታችሁም ታውቃላችሁ። የበሶው ዕዳ አለብን፤ ቅዳሜ ከሰዓት እሱ ዶርም እሄዳለሁ፣ በስሙ እጠራዋለሁ። የሚመጣ ይምጣ፤ ባዶ እጃችሁን ግን እንዳትመጡ።