የፋብሪካ ፍሳሽ ቀለም፦ ከወንጂ ለመተማ የሚተርፍ ትምህርት

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። የስኳር ተረፈ ምርት የሆነው ሞላሰስ ኋላ በፊንጫ ወደ አልኮል ተቀየረ። ከአልኮሉ የሚቀረው ፍሳሽ ግን ጥቁር ቡናማ ነው። ቀለሙ በውኃው ውስጥ የሟሟ ስለሆነ በኩሬ ቢጠራቀም አይዘቅጥም፤ ባክቴሪያም በቀላሉ አያብላላውም።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ሎብና ሱሪራጃን የተባሉ ተመራማሪዎች ከባሕር ውኃ ጨው የሚለይ ስስ ማጣሪያ (ሜምብሬን) ሠሩ። ዛሬ የዚህ ዓይነት ማጣሪያ ቀለምንም ይለያል፤ ውኃው በግፊት ሲያልፍ ቀለሙ ወደ ኋላ ይቀራል። ይሁን እንጂ ቀለሙ አይጠፋም፤ የቀረው ወፍራም ፍሳሽ ሌላ ማስወገጃ ይፈልጋል፣ ማጣሪያውም ይደፈናል።

ሰሊጥ በውኃ ሲፈተግም ፍሳሽ ይወጣል። የጓንግ ወንዝ ሱዳን ገብቶ አትባራ ይባላል፤ ሰውም ከብትም ይጠጣዋል። ስለዚህ የመተማ ማኅበራት ፋብሪካ ሲያስቡ የፍሳሽ ማጣሪያውን ወጪ ከማሽኑ ዋጋ ጋር አብረው ይደምሩ።