በግድግዳና በአጥር መካከል ያለ ጠባብ ቦታ አያያዝ

በመኖሪያ ቤት ግድግዳና በአጥር መካከል የሚገኝ ጠባብ ቦታ ተክል ከመተከሉ በፊት የውሃ መውረጃው ሊስተካከል ይገባል፤ በክረምት የሚጠራቀም የዝናብ ውሃ የቤቱን መሠረት ይጎዳልና። ስለሆነም መሬቱ ከግድግዳው እየራቀ ሲሄድ በየ1 ሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እንዲል ይደረጋል። የጣሪያው ውሃም በአሸንዳ ተሰብስቦ ወደ ጎረቤት ግቢ ሳይሆን ወደ ማፋሰሻ ቦይ ይመራል። መተላለፊያው ላይ ጠጠር ቢነጠፍ ጭቃ ይቀንሳል።

ተክሎች በአጥሩ በኩል ቢደረደሩ የሚጠጡት ውሃ ግድግዳውን አያረጥብም። ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ ጤና አዳምና በሶብላ፣ ከፊል ጥላ ባለበት ደግሞ ናና መትከል ይቻላል። እንደ ባሕር ዛፍ ያሉ ሥራቸው ርቆ የሚሄድ ዛፎች ግን በዚህ ስፍራ እንዲተከሉ አይመከርም።